ድድ ማስጫ

ከላንቃዬ ቆርሳ ለድዴ ሰጠችው፣
ሐኪሟ፣ በቀጭን ክር ሰፍታ አሰረችው።
የገዛ ሥጋዬን ለገዛ ሥጋዬ
አበደረችና ቁስል ሆነ ዕዳዬ።
«ዐሥር ቀን» አለችኝ፣ «ትኩስ እንዳትቀምስ፤
እንዳትጮህ፤ ክሩ ሳይሟሟ እንዳይበጠስ።»

እኔ፣ ቡሬላ ወደብ የዓሣ ሐራጅ ጠሪ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአፌ ብቻ አዳሪ፣
«የኔ!» ባይ እስኪገኝ ቁልቁል የማወርድ
ከስድሳ ጀምሬ ቁጥር እንደ በረድ፣
ዛሬ በጣቴ ነው ጨው ውሃ የምጠይቅ፣
ኡሽያ ሚስቴ ሳቋን በሽርጧ ስትደብቅ።
ጥርስ ባዳ ነው መቼም፤ አብሬያት ልስቅ ስል
ክሩ ያዝ አረገኝ፣ «ወዴት ነው?» እንደሚል።

ጠዋት ስነቃ አፌ
ሳንቲም ሳንቲም ይላል።
ምላሴ ግን አያርፍ፤ ተከልክሎ ሳለ
ሄዶ ይነካዋል፣ «አለህ ወይ?» እያለ።
ቁስሉም አያሳፍር፣ «አለሁ!» ይለዋል፤
እስከ ጆሮዬ ሥር ድምፁ ይሰማል።

ማለዳ ዐሥራ ሁለት።
ከመስኮቱ በታች
ብራይስ ይጣራል፣ የእኅቴ ልጅ፣ በእኔ ፋንታ።
አርባ ሁለት ላይ ይደናቀፋል።
አርባ አንድን ይዘለዋል።
አፌ በተሰፋበት ያርመዋል፦
አርባ አንድ፣ ልጄ፣ አርባ አንድ!
የሚሰማኝ
የቀዘቀዘው ሾርባዬ ብቻ።

ድሮ ሳያቸው ነበር ድድ አስጪ የምላቸው፣
ጡረተኞቹን፣ ግንቡ ሥር ፀሐይ ስትሞቃቸው።
ዛሬ እኔው ራሴ ተቀመጥኩ ከጎን፣
ጉንጬን አሳብጬ፣ ላሰጣ ድዴን።
ማንም «ምነው?» አላለኝ። ቦታ ለቀቁልኝ።
ፋውስቲኖ፣ አንድም ጥርስ የሌለው፣ «አፍህን ክፈት» አለኝ።
ከፈትኩ። እንደ ጀልባ ሆድ ጎንበስ ብሎ አየው።
ዕድሜውን ሙሉ መረብ የጠገነ ሰው ነው።
«ስፌቱ ደህና ነው» አለ፣ «ቋጠሮው ግን ልል ነው።»
ከዳቦው ለስላሳውን ፈልፍሎ አካፈለኝ፤
ቅርፊቱን ለወፎች። ለሁለታችንም አይሆነን።

ሌሊት፣ ኡሽያ ስትተኛ፣
ሕመሜን ከሣጥኑ አውጥቼ
በረዶ ላይ አጋድመዋለሁ፤
ለጨረታ።
ከስድሳ እጀምራለሁ፣ በልቤ፣ ከንፈሬ ሳይነቃነቅ፤
ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት…
አዳራሹ ጭር ብሏል።
ትናንት አርባ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።
ዛሬ ሠላሳ ሁለት ደርሻለሁ፤
«የኔ!» ያለ የለም።