የግድግዳ ብልሃት

ናካ ላይ ዝናብ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት፣
ሺዙኮ ቆማለች ከመስኮቱ ፊት።
መቶ ሚሊዮን ዲግሪ ያለፈ በደጇ፣
የተንግስተን ሸክላ ይዛለች በእጇ።

“ግድግዳ ጆሮ አለው” ቢሉም ሰዎች ሁሉ፣
የሷ ግን አፍ አለው፤ ስንጥቅ ነው ቃሉ።
በጥፍሯ መታ መታ፣ ከዚያም ዳበሰች፤
የፀጉር ሲሶ ያህል ሸክላዋ ሳስታለች።

ማሳኪ “ወደቀች?” ሻዩ ቀዝቅዞበት።
“የለም። ቀስ ብሎ ማለቅ ነው የግድግዳ ብልሃት።
ፀሐይን በአየር ላይ ማግኔት ቢያቅፋትም፣
ያመለጠው ፍንጣሪ ሌላ ማረፊያ የለውም።”

ግማሽ ሚሊሜትር ጠርዟን አጋደለች፣
ንድፉን በወረቀት ደግማ ጠቀለለች።

ወጣች፤
ጃንጥላዋን ረስታ፣
ትከሻዋን ለዝናብ ሰጥታ።