ጨው እና አበጋር

ከቦርከና ማዶ፣
የአንሻ ላውንደሪ፤
ሁለተኛው ቦይለር ሞተባት ዘንድሮ፣ ኖራ ውጦ ነዶ።

ይመር ፈታው፣ አየው፤ ሽቦው ነጭ ለብሷል።
«ውሃሽ ድንጋይ ነው» አላት፣ «ቀልጦ ይመጣና ሲሞቅ ይመለሳል።»
ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ሁለት መላ አለ።
አንዱ ነጋዴ ነው፣ የባቲ ሰኞ ሰው፣
ድንጋዩን ተቀብሎ ጨው ነው የሚመልሰው።
ሳሙና በእፍኝ ቀርቶ በጣት ይበቃሻል፣
አንሶላው ይለሰልሳል፣
ግን በላተኛ ነው፤ በየወሩ ጆንያ ጨው አምጪ ይልሻል።
ሌሊት ሲጉመጠመጥ የሚተፋው ጨዋማ
ፓፓያሽን ያጠወልጋል፤ እሱንም ስሚማ።

ሌላው ጨው አይበላም።
ድንጋዩን አይነቅልም፣ ከደጅ አያስወጣም፤
እንደ አበጋር ሆኖ መሐል ይቀመጣል፣
‹እለፍ፣ ግን አትጣበቅ› ብሎ ያግባባዋል።
ቦይለርሽ ይተርፋል። አረፋው ግን ያው ነው፣
ድንጋዩም እዚያው ነው።»

አንሻ ዝም አለች፤ እጇን ገልብጣ አየች፣
ሃያ ዓመት ሳሙና የሰነጠቀውን።
«አበጋር ያስታርቃል፣ ልብስ አያጥብም» አለች።

አባቷ በግመል አሞሌ ሲያመላልስ ነው የጎበጠ።
«የጨውን ጠባይ አውቃለሁ፣ ሲጭኑትም ሲበሉትም።
ብቻ አፉን ዝቅ አርገው፤
ጆንያ ሽቅብ ማንሳት ወገቤ አይችልም።»

ይመር ቱቦውን ለካ፤
እስከ ፓፓያው ሥር አሥር ክንድ አይሞላም።
እሷም ወጣች፣ ዛፉን ቀና ብላ አየች፣
አራት ፍሬ ነበረው፤
ያልበሰሉትን ሁለቱን ጭምር ቆረጠች።