ተረኛ

ጫማዎን ከደጃፍ ያውልቁ፣ ሃንዶኮ፤
ቀስ ብለው ይግቡ፣ እንቁላል ታቅፏል እኮ።

ከሶሎ ክላተን፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ፣
ያመጣዎት ጉዳይ የወፍ ድምፅ ረሃብ።
በማለዳ ፀሐይ በገመድ ተስቦ፣
ከቀርከሃው ጫፍ ላይ ሰፈሩን ሰብስቦ፣
"ሁር" ብሎ ጀምሮ፣ መሃሉን አርዝሞ፣
በ"ኩንግ" የሚዘጋው፣ ከደወል ተጋጥሞ፣
እሱን ሊገዙ ነው።
ዋጋውንም ሰማሁ፤ የሞተርሳይክል!
መዳፍ ለማይሞላ፣ ለአንዲት ጭብጥ አካል።

እውነት ለመናገር፣ አልወዳቸው ነበር።
የማሽላ ገለባ በየምንጣፉ ሥር፣
ላባ ከሩዜ ውስጥ፣ ኩስ ከመስኮቱ ዳር።
ዋርሲቶ ሲገባ፣ ሰላምታው ለነሱ፤
ለኔ የሚተርፈኝ መጥረጊያና ኩሱ።

የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ ነበረ፤
ብረቱን ሲያወርድ፣ ሲያነሳ ያደረ።
ጎህ ሲቀድ ይመጣል፤ የቶፉ ባልዲ ይዤ
በር ላይ አልፈዋለሁ፣ በእንቅልፍ ደንዝዤ።
"ሩዙ ድስት ውስጥ ነው።" "ጃንጥላሽን ያዢ።"
ይኸው ነው ጨዋታው።
ሃያ ስምንት ዓመት፣ አልጋችን ሳይበርድ፣
እሱ ሲጋደም ነው እኔ የምሄድ።
ሙቀት ስንቀባበል፣ በአንሶላ ስንተዋወቅ፣
ጎን ለጎን መተኛት ለኢድ በዓል ሲናፈቅ።

አንድ ቀን ጠራኝ፤ ከጎጆው ፊት ቁጢጥ ብሎ።
"ነይ እይ፣ ሱሚናህ፣ ወንዱ ሲመጣ ነው፤
ሌሊቱ የሷ ነው፣ ቀኑ የሱ ተራ ነው።
አሥራ አራት ቀን ሙሉ፣ አንዴ ብርድ ሳያየው፣
ዛጎሉ አያውቅም ማን እንደቀየረው።"
ቀረብኩ። ደረት ለደረት ተነካኩና
እሷ ወጣች በግራ፣ እሱ በቀኝ ገባና
ላባውን አርግቦ እግሩን ደበቀ።
"እኛ ነን" ብዬ ሳቅሁ፤ ዋርሲቶ ግን አልሳቀ።

ድምፀ መልካሞቹ ማቀፍ አይወዱም፤
እንቁላል ለሞግዚት፣ እነሱ ለስም።
ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ይዘፍናል፣ ያቅፋል፣
ከጉሮሮው ወተት ለጫጩት ያካፍላል።
እግሩ ላይ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ዓመት፤
ዋርሲቶ በመነጽር፣ በጥፍሩ ያሰረለት።

ባለፈው በጋ ነው። ባቡሩ አለፈ፤
ብረቱ ግን ወርዶ እዚያው ተንሳፈፈ።
ባለ ሞተሮቹ ጥሩምባ ነፉበት፤
አንዱ ገብቶ ሲያየው፣
እጁ ከማንሻው ላይ፣ እንደተቀመጠበት።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሴቲቱን አገኘኋት፣
ከወለል ተጋድማ፣ ጉንዳኖች ከበዋት።
ምን እንደነካት እንጃ። ከፓፓያው ሥር
ቀበርኩና መጣሁ፤ ዓይኔ ከጎጆው በር።
አሥር ሰዓት ሆነ፤ የፈረቃው ማብቂያ።
አንገቱን አስግጎ አየ ወደ መግቢያ።
ጠበቀ።
ጠበቀ።
ማንም አልመጣም።
ወደ እንቁላሎቹ ዝቅ አለ፤ አልወጣም።
መሸ። በባትሪ አየሁት። ነጋ። እዚያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ብቻ፣ ጥሬ ሊለቅም ሲወጣ፣
በስልኬ መብራት እንቁላሎቹን ሳወጣ፣
አንዱ ውሃ ነው፤ ባዶ። አንዱ ግን ከውስጡ
ቀይ ክሮች ይታያሉ፣ በዛጎሉ ሲሮጡ።

ልጄ ራትሪ ከባታም ትደውላለች፤
"እማ፣ ጣሪያሽ ያፈሳል፣ ሽጪውና" ትላለች።
እውነቷን ነው። ከእግርዎ አጠገብ ያለውን ሳህን
እንዳይረግጡት።

እንግዲህ፣ ጌታዬ፣ ፖስታውን ይመልሱ፤
ዝናቡ እስኪያባራ፣ ሻይ እስኪጨርሱ
ይቀመጡ።
እኔም ገበያውን ትቻለሁ ሰሞኑን፤
ማታ በኔ በኩል፣ በሱ በኩል ቀኑን።

ዋጋው አይደለም፤ ያሉት ዋጋ ደህና ነው።
ግን አሁን አይሸጥም፤
ተረኛ ነው።