የአምስት ደቂቃ የቤት ሥራ

ቤላርሚኖ ኦያርሶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤
ጉልበቱ ተንቋቋ፣ ቦት ጫማው ምንጣፉን ረገጠ።
እኔ ከመስታወቱ ኋላ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ነኝ፣
እሱን የሚያሳየኝ፣ ከእሱ ግን የሚሸሽገኝ።
ጆሮው ውስጥ ባቄላ የምታህል ማዳመጫ አለች፤
በእሷ በኩል ቃሌ ሹክ ትለዋለች፦
«አትጠይቀው። አትዘዘው። እጁን ብቻ ተከተል።
የሚያደርገውን ንገረው፤ ሌላ ነገር አትበል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማጄላን ሰርጥ ላይ
ሸርጣን በወጥመድ ሲያወጣ፣ ከሞገድ በላይ
ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ፦ «ሳብ! ልቀቅ! ገመዱን ያዝ!»
እንዴት ይልመድ ዛሬ፣ ለትንሽ እጅ መታዘዝ?

ሦስት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው ኢታሎ፤
መኪናዋን ገልብጦ ጎማዋን ያሾራል፣ አንገቱን አዘንብሎ።
ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፤ የጀልባ ጥሩምባ ግን ከሩቅ ያውቃል፤
ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ፣ እንደ መፍቻ፣ ቧንቧው ላይ ያኖራል።

«ጠብቂ» ብለዋት ነበር እናቱን፣ ኤርሲራን፤ ሐኪሙም ጭምር፤
«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አጎቱም እንዲያው ነበር።»
ጠበቀች። የዓሣ ፋብሪካው ሌሊት ፈረቃ ላይ፣ ቢላ በእጇ፣
የሰው ልጆች ያሉትን ቆጠረች፣ ያላለውን ልጇ።
ከዚያ የእኔ መዝገብም በተራው «ጠብቂ» አላት፤ ዘጠኝ ወር፤
ሌላ ልጅ ተረግዞ የሚወለድበት ጊዜ። አፈርኩ ስናገር።

«ዛፍ የሚቃናው በእርጥቡ ነው» ይላሉ፤
እዚህ ፑንታ አሬናስ ዛፎቹ ወደ ምሥራቅ ተጋድመው በቀሉ፣
ቅጠላቸውን ባንድ ወገን አበጥረው፣
ማንም «ተሳስታችኋል» ሳይላቸው መቶ ዓመት ኖረው።
እኔ ልጅ አላቃናም።
የማጎብጠው ትልቁን ሰው ነው፦ ዝቅ በል፣ ገና ዝቅ፣ የእሱ ዓይን ያለበት ድረስ፣
አገጭህ ምንጣፉ ላይ እስኪደርስ።

በየሳምንቱ ወረቀት እሰጣለሁ፤ ሰባት ሳጥን፣ በቀን አምስት ደቂቃ ጨዋታ።
የመጀመሪያው ባዶውን ተመለሰ። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛው የሸርጣን ሽታ
ይዞ መጣ፣ ጥጉ ረጥቦ፤ ማክሰኞ ላይ በእርሳስ፣ በተጣመመ ፊደል፦
«ነፋስ። ባሕር አልወጣንም። ሃያ ደቂቃ።»
ፋይል ውስጥ አልከተትኩትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ እስካሁን ይገኛል።

እኔስ? ማታ ቤቴ ገብቼ «ሳህንሽን አነሳሽ፤ ጎሽ» ብላት ዶሚንጋን፣
«እማ፣ የሥራ ድምፅሽን ቢሮ ተይው» ብላ ዘጋችብኝ በሯን።
በእኔ ጆሮ ውስጥ ማንም የለም።

«አሁን አንተም ገልብጥ» አልኩት። ገለበጠ።
ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ሾረ፤ የሚናገር ጠፋ፤
እኔም አፌን ያዝኩ፤ ከሙያዬ ሁሉ ይኼ ነው የሚያስለፋ።
ልጁ እጁን ዘረጋ። የአባቱን ጎማ በአንድ ጣት አቆመ።
ለቀቀ። አቆመ።
ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን አየ፤
ባቄላዋን ነቅሎ ወሰዳት፤ በራሱ ጆሮ ላይ ለጥፏት ቆየ።

ማይክሮፎኑ በእጄ ነው። ከንፈሬ ተከፍቷል።
ምን ይባላል ለዚህ ጆሮ? ትንፋሼን ግን ሰምቷል።
ቁልፉን ነካሁት። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

ከመስታወቱ ወዲያ አባት፣ ሹክ የሚለው የለ፣
መዳፉን ከሱሪው ጠረገና፣ «ጆሮዬን ወሰድክ» አለ፤
ቀስ ብሎ። ሌላ አልጨመረም።
ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም።

ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ነፋሱ ዛሬ ብሶበታል፤
ከተማው በየማዕዘኑ፣ ሰው የሚይዘው ገመድ ዘርግቷል።
አባት ባንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ልጁን ይዞ ሲሄድ፣
ኢታሎ ድንገት ቁጢጥ አለ፣ መሐል መንገድ፦
የወደቀ ብስክሌት፤ የፊት ጎማው በነፋስ ይሾራል።
አንድ ሰው አለፋቸው፤ ሌላ ሰው ኮፍያውን ይዞ አለፈ።
ቤላርሚኖ ገመዱን ለቀቀ፤ አጎነበሰ።
ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል።