ሳጥን «እንጃ»

ሐይቁ የሸሸ ዓመት፣ ጥብርያዶስ ዳር፣
ከደለሉ ወጣ የከሰለ ክምር፤
ጎጆ ነበር አሉ፣ ምድጃ፣ ወፍጮ ድንጋይ፣
ሃያ ሦስት ሺህ ዓመት ያላየው ፀሐይ።

እኔ ለቃሚ ነኝ፤ ደሞዜ በሰዓት፣
በወረንጦ ጫፍ ነው የምለየው ቅንጣት፤
ገብሱን ወደ ገብሱ፣ አጃውን ወደ አጃ፣
ስሙ የጠፋው ሲኖር፣ ሳጥኑ ላይ፦ «እንጃ»።

ሻይ ላይ ዶክተር ኢዲት ታሪክ ታወጋለች፣
የመምህራኗን ሙግት ትደረድራለች፦
«ድሮ ሲተርኩት አንድ ብልህ ነበረ፣
ፍሬው ደጁ በቅሎ፣ አየና ሞከረ፤
ሌላው መጣና ‹ድርቅ ነው ያስገደደው፣
ምንጭ ዳር ሰውና እህል ያፋጠጠው›፤
ሌላው፦ ‹አይ፣ ከኮረብታው ወገብ ነው መነሻው›፣
ሌላው፦ ‹የሰው መብዛት፣ የሆድ ነው ጣጣው›።
ከዚያም ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ተከሉ፣
‹እዚህ ነው፣ በአንድ ትውልድ አለቀ› እያሉ።
ነጥቧ ግን ፈሰሰች፣ እንደ ቀለም ጠብታ
እርጥብ ወረቀት ላይ፣ ያለ ድንበር፣ ያለ ቦታ።

የዱር አጃ እኮ ሲደርስ ይበተናል፣
ራሱን ለነፋስ፣ ለጉንዳን ይሰጣል፤
የገበሬው ግን ዛላውን ይዞ ቆሞ
እስኪወቃ ድረስ አይለቅም ፈጽሞ።
ለዚች አንዲት ጠባይ፣ ለዚች አለመርገፍ
ሺህ ዓመታት ፈጀ፤ ወዮ ቸኩሎ ለሚጽፍ።»

ዘር ፍለጋንማ እኔም አውቀዋለሁ፤
አሽዶድ፣ አንድ ቢሮ፣ ተጠይቄያለሁ፦
«አያትሽ? ቅድመ አያትሽ? ከነማን? ከየት?»
ብዕሩ አንዲት ነጥብ ፍለጋ ሲዋትት።

ማክሰኞ፣ «እንጃ»ን ሳገላብጥ፣ አንዲቷ
ያወቀችኝ መሰለ፤ ያ ወፍራም ደረቷ!
«እንክርዳድ!» አልኩ ጮኬ። ዞረች ከነወንበር።
ስንዴ ለቅሜያለሁ ልጅ ሆኜ አምቦበር፤
ሳይለቅም የፈጨ ዳቦው ያዞረዋል፣
በቀትር እየሄደ ቤቱ ይጠፋዋል።

ኢዲት ዝም አለችና፦ «የዚህ አረም ቤቱ
ዱር አይደለም እኮ፤ ሰው የነካው ነው መሬቱ።
እዚያ መንደር ታዲያ፣ ገና እርሻ ሳይባል፣
አሥር ሺህ ዓመት ቀድሞ፣ ሰው ሞክሮ ይሆናል?»
እርግጠኛ አይደለችም። ጽፋ ሰረዘችው።
«ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ጨመረችው።

ስንት ሊቅ ስንዴውን ሲጠይቅ ኖሮ፣
አረም መሰከረ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ዘንድሮ።

መብራት አጠፋሁ። ሳጥኑን ከደንኩት።
«እንጃ»ን ግን ከላዩ አልፋቅሁም፣ ተውኩት።
የአሽዶዱ ሰውዬ ዛሬ ቢመጣ፣
ወንበር ስቤ፣
ወረንጦ ሰጥቼ፣
«ቁጭ በል፣ ልቀም» ባልኩት።