በፌስታል የመጣ ምስክር

ከወገል ጤና በላይ መኪና ሲደክመው፣
ሽቅብ የወጣ ገብስ ውርጩ ሲያስቆመው፣
ጅብራ ነው ብቻውን ጉሙን ተደግፎ፣
ጓሳ ነው ያገር ልብስ እስካድማስ ተነጥፎ።
እዚያ ነው የሷ ቤት።
በር የለው፣ ምሰሶ የለው።
ጅራቷን ካፍንጫዋ ደርባ ትተኛለች፣
ሌሊት ውርጭ ቀብቷት ነጭ ሆና ታድራለች፣
ጀንበር ስትወጣ
ተራግፋ ቀይ ሆና ትነሣለች።

አያ ይማም ሙሄ ባለፈው ሚያዝያ
ግልገል ጠፋበትና ከጓሳው ወዲያ፣
«ቀይዋ ናት እንጂ ሌላ ማን ሊሆን?» ብሎ
ሸንጎ አስቀመጠን ዱላውን ተክሎ።
«አንተ ሽኩር» አሉኝ፣ «ጠባቂዋ ነህ አሉ፤
ምስክርህ የታል? ጥራው፣ ይስሙት ሁሉ።»

ካፖርቴ ኪስ ገባሁ፤ አወጣሁ ፌስታል።
ዐይነ ምድሯ ነበር፤ ቢሮ እንዲያ ይሉታል፤
በኛ አገር አር ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?
ሸንጎው ሳቀ። ሐዋ አፍንጫዋን ያዘች።
ድንጋይ ላይ አስጥቼ በስንጥር ፈለፈልሁት፤
ከተፈለፈለው ፍልፈል ወጣ።

«ይኸው የፍልፈል ጥርስ፣ ቢጫ፣ የተሳለ፤
ይኸው የአይጥ መንጋጋ፣ ይኸው ጠጉር፣ ጥፍር፤
ከዚህ ውስጥ አንዲት ዘለላ ሱፍ ካለ፣
ግልገሉን እኔ ልክፈል፣ እሷም ትባረር።»

ሳቁ ቆመ።
ጎንበስ አሉ ተራ በተራ፤
አር ከበው አነበቡ፣ እንደ ብራና።

ያኔ ነገርኳቸው፦
ጭላዳ መሀል ገብታ ስትሄድ ቀስ ብላ፣
ጆሮዋን ወደ አፈር፣ ወደ ጉድጓድ ጥላ፣
ድንገት ተወርውራ አይጥ ላይ ስትወርድ፣
ግልገል ባጠገቧ እየጋጠ ሲሄድ።

«ይልቅስ» አልኩ (ድምፄ እዚህ ላይ ተሰበረ)
«ሞቷስ ከደጃችን ነው፣ ከኛው ጋር ያደረ፤
ከውሻችን አፍ ነው።»
ያን ክረምት ያውቁታል። ለሃጭ፣ መንገዳገድ፣
ዐይን የማያውቅ ዐይን።
ሰባት ነበሩ፣ ባሥር ቀን።
ሰባቱን በገዛ እጁ ቀብሮ የመጣ ሰው፣
«ቀበሮ» ሲሉት እንኳ «ቀብሮ» ነው የሚሰማው።

በክትባቱ ቀን፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ፣
ከሁሉ ኋላ መጣ አያ ይማም፤
ውሻው ዳኘው አሻፈረኝ እያለ፣
አንገቱ ባዲስ የጓሳ ገመድ ታስሮ።
«ውጉልኝ» አለ።
ቆይቶ ደግሞ፣ ወደኔ ዞሮ፣
«ግልገሌንስ ታዲያ ማን በላው?»
እኔ እንጃ፣ አያ ይማም።
ምስክር ሁሉን አያውቅም።

በሰኔ ሳልፍ ግን፣ ከማሳው ራስ ላይ
ሁለት ፈር ተጨምሯል፤
ጓሳው ተገልብጦ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ።
ሁለት ፈር ምን አላት? ለሱ ቁና ገብስ ናት፤
ለሷ የሦስት አይጥ ጎጆ፣ የአንድ ቡችላ እራት።
ልማድ ነው፣ ፌስታሌን ዘረጋሁ፤
ካዲሱ አፈር ላይ የሚለቀም ምስክር
አጣሁ።