በልጅ ቁመት ልክ

ድሬ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ሥራ አይደለም፣ ቁማር ነው፤
ሙጫውን፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ ፀሐይ ናት ቀድማ የምትልሰው።
በዚህ ባልዲ፣ በዚህ ብሩሽ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለጥፌያለሁ፤
ጨረታ፣ የሚከራይ ቤት፤ ያመለጠች ፍየል ሳይቀር ፈልጌያለሁ።

ዛሬ ግን የተሰጠኝ ጥቅል ከወጣት ማዕከሉ ቢሮ
ስለ ሳተላይት ነው የሚያወራ፤ ያውም ሰማያዊ፣ ያውም አምሮ።
«የሳተላይት ሐሳብ ውድድር። ለወጣቶች። መሣሪያ አይጠየቅም፤
ሐሳብ ብቻ፣ በአንድ ገጽ። ማስገቢያው ከዓርብ አያልፍም።»

ሳቅኩ። «ሳተላይት?» አልኩ፣ «ከዚህ በላይ ምን ሊመጣ?
ዲሹ አይደለም እንዴ ጣሪያችን ላይ እንደ እንጉዳይ የወጣ?»

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ፣ ከባቡሩ ግቢ አጥር ላይ
አንዱን ለጥፌ ሳልጨርስ፣ ልጅ ቆመች ከጀርባዬ፣ ልታይ።
ሂቦ ናት፣ የኸድራ ልጅ፤ እናቷ ከደቻቱ አሸዋ
ሰልባጅ የምትሸጥ፤ ጥላ እየተከተለ የሚዞር ሸራዋ።
ጣቷን በፊደሉ ላይ እየነዳች፣ ሙጫው ሳይደርቅ አነበበች፤
(ድሬ ነን፣ «አንቱ» አናውቅም)
«አቦ፣ የተበላሸ ወረቀት የለህም?» አለች።

ሰጠኋት፤ ጀርባው ነጭ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ ተቀመጠች፤
መጀመሪያ ተራራ ሳለች፣ ከዚያ አንድ መስመር ጎተተች።

«ይኼ ደንገጎ ነው። ዝናቡ እዚያ ነው። እኛ ጋ ኮከብ ሞልቶ፣
ወንዙ ደረቅ ነው ብለን ስንተኛ፣ ይመጣል ግንድ ጎትቶ።
ከታች ሆነን አናየውም። ከላይ ግን አንድ ዓይን ቢኖር፣
ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር፣
ቆጥሮም ለእናቴ የሚደውል! የእሷ ስልክ ቁልፉ ያለቀ ነው፤
ጽሑፍ አይበጃትም፤ ጩኸት ነው የሚያዋጣው።
ደግሞ ለመስጊዱ፣ ለደወሉ፣ ለባጃጅ ነጂዎች ሁሉ፣
‹ሰልባጁን ተዉት፣ ውጡ!› እንዲሉ።»

ዝም አልኩ። ባልዲዬ ውስጥ ሙጫው ቆዳ አበጀ፤
ብሩሼ፣ እጄ ላይ እንዳለ፣ በአንድ ጊዜ አረጀ።
አልነገርኳትም። ያን ክረምት ሂቦ ገና አልተወለደችም፤
ኸድራም ብትሆን፣ አውቃታለሁ፣ ለልጅ አታወራም።

ከዚያ ሌሊት ማግስት፣ ጭቃው በየደጁ እንደተኛ፣
ፎቶ ይዘው መጡ ሰዎች፤ «ለጥፍልን» አሉ፣ «እባክህ ለእኛ»።
የሠርግ ፎቶ፣ የመታወቂያ፤ አንዱ ከነትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ፤
«ያየ ሰው» የሚል ከሥሩ፤ ከዚያ በታች ዕድሜው፣ ስሙ።
በዚህ ባልዲ፣ በዚህ ብሩሽ። ያኔ ሙጫው ቶሎ አልደረቀም።
ፎቶዎቹን ፀሐይ እስክታነጣቸው፣ «አየሁ» ያለ አልመጣም።

«ሂቦ፣» አልኳት፣ «መብራት ሌሊት ይጠፋል። ስልኩስ ባይሞላ?»
አሰበች። «እሱንም እጽፋለሁ፤ ወረቀት ጨምርልኝ ሌላ።»

የቀረውን ጥቅል ይዤ ወደ ደቻቱ ወረድኩ፤
አዋቂ ከሚያየው ከፍታ ሳይሆን፣ በልጅ ቁመት ልክ ለጠፍኩ፤
በድልድዩ እግር፣ በባጃጅ ጀርባ፣ በመጋላ ጫት ተራ፣
የድሮው ሙጫ ቅርፊት ካልለቀቀው ከዚያም ግንብ ጋራ።

ዓርብ ቀርባለች፣ ልጆች። መሣሪያ አልጠየቁም።
እኔን ዕድሜዬ አሳልፎኛል፤ ሽበት አይቀበሉም።
ግን ሐሳብ ያለው ልጅ ካለ፣
የተበላሸ ወረቀት ባልዲዬ ሥር አለ፤
ጀርባው ነጭ ነው።